የሞተር ብስክሌት ማሻሻያ

የሞተር ብስክሌት ማሻሻያ ማለት ከፋብሪካ በወጣ ሞተር ብስክሌት ላይ ባለቤቱ ወይም የሰፈር መካኒክ ተጨማሪ ዕቃ የሚገጥምበት ወይም ነባሩን ክፍል የሚቀይርበት ሥራ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ተጨማሪ መብራት፣ የዕቃ ሳጥን፣ የመከላከያ ብረት፣ አላርምና የጂ ፒ ኤስ መከታተያ በብዛት ከሚገጠሙት መካከል ናቸው። ሥራው ብዙ መሣሪያ ስለማይጠይቅ በግቢ ውስጥም ይሠራል። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ፣ የሚሸከመው ክብደትና በሊብሬው ላይ የሰፈረው መግለጫ እያንዳንዳቸው ወሰን አላቸው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ያለፈ ገጠማ ለእሳት፣ ለመውደቅ ወይም ለሞተሩ መያዝ ምክንያት ይሆናል።

ይህ መጣጥፍ አጠቃላይ አሠራሩን ያስረዳል፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማና ከአካባቢው የመንገድ ሁኔታ የተወሰዱ ናቸው።

ስያሜና የጋራዥ ቃላት

በጽሑፍ «ሞተር ብስክሌት» ወይም «ሞተር ሳይክል» የሚባለው ተሽከርካሪ በዕለት ተዕለት ንግግር «ሞተር» ብቻ ይባላል። «ባጃጅ» የሕንድ ኩባንያ ስም ቢሆንም በኢትዮጵያ የባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ መጠሪያ ሆኗል። በዚህም ምክንያት የዚያው ኩባንያ ባለ ሁለት እግር ሞተር «ቦክሰር» በሚለው የሞዴል ስሙ ይታወቃል።

የክፍሎቹ ስሞች አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ (ነዳጁን የምታቀጣጥለው ክፍል)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ፍሬቻ (የመታጠፊያ መብራት፤ ቃሉ «ቀስት» ማለት ነው)፣ ስፖኪዮ (የኋላ ማሳያ መስታወት)፣ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ቡሎን፣ ዳዶና ካቻቪቴ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሰፈር ሱቅ መለዋወጫ የሚጠየቀው ግን በእነዚህ ቃላት ስለሆነ ሁለቱንም ስያሜ ማወቅ ይጠቅማል።

ታሪክ

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባክ በቤንዚን የሚሠራውን የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት በጀርመን አገር የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ከባድ ክፍሎችን ቆርጦ የማውጣት ልማድ ተስፋፋ፤ «ቾፐር» የሚባለው ቅርጽም ከዚያ አደገ። በእንግሊዝ አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወጣቶች መሪውን ዝቅ አድርገውና መቀመጫውን ለውጠው «ካፌ ሬሰር» የሚባለውን ዓይነት ፈጠሩ። በእነዚህ አገሮች የማሻሻያው ዋና ዓላማ ፍጥነትና መልክ ነበር።

በምሥራቅ አፍሪካ ማሻሻያው በአብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ «ቦዳ ቦዳ» በሚባሉት የሰው ማመላለሻ ሞተሮች ላይ የተራዘመ መቀመጫ፣ የዕቃ ማሰሪያ ብረትና የዝናብ ጥላ ይታያል። በኢትዮጵያም ሞተር ለረጅም ጊዜ የመስክ ሠራተኞች መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። በገጠር የሚሠሩ የጤና፣ የግብርናና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች እንደ ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ ያሉ የጭቃ መንገድ ሞተሮችን ተጠቅመዋል። በከተሞች ደግሞ እንደ ቦክሰርና ቲ ቪ ኤስ ያሉ ከ100 እስከ 150 ሲ ሲ የሚደርሱ ሞተሮች በብዛት ይታያሉ።

በአዲስ አበባ ትልቅ ለውጥ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። የከተማው አስተዳደር በሞተር ታግዞ የሚፈጸም ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2019) ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን አገደ። ለኤምባሲና ለፖስታ አገልግሎት የሚሠሩትን የመሳሰሉት ከእገዳው ውጭ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ የአንድ ሞተር መታወቂያ፣ ማለትም ሰሌዳው፣ ቀለሙና የፈቃድ ወረቀቱ፣ ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት ያገኛል። ሰሌዳን የሚሸፍን ወይም የሞተሩን መልክ ከሊብሬው የሚያራርቅ ማሻሻያ አሽከርካሪውን ለጥርጣሬ ያጋልጠዋል።

በአቃቂ ቃሊቲ ያለው የመንገድ ሁኔታ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የጉምሩክ ጣቢያ ስላሉበት ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ከባድ መኪኖች በብዛት ይተላለፉበታል። ለሞተረኛ ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው፦ ከኋላ የሚመጣውን ማየትና በሌላው መታየት። ስፖኪዮን ለመልክ ሲሉ ማንሳት ወይም በጣም አነስተኛ በሆነ መተካት በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ከሁሉም ማሻሻያ የበለጠ ጉዳት አለው። በሳጥንና በፓራፋንጎ ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ወረቀት ደግሞ ባትሪ ሳይጠይቅ ከሩቅ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳይ አፈሩ ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር፣ በገበሬው አጠራር ኮትቻ ወይም መረሬ ነው። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። አስፋልት ባልደረሰባቸው የሰፈር መንገዶች ጭቃው በጎማውና በፊት ፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን እስከ ማቆም ይደርሳል። ስለዚህ አንዳንዶች ፓራፋንጎውን ከፍ አድርገው ያስሩታል ወይም የፊት ጫፉን ይቆርጡታል። ከፍ ማድረጉ የተሻለ ነው። ጨርሶ ማውለቅ ግን ጭቃውን ወደ አሽከርካሪው ፊትና ወደ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ይረጫል፤ ክንፎቹ በጭቃ ሲደፈኑም ሞተሩ ይግላል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ገጠማ

አነስተኛ ሞተር ብስክሌት የ12 ቮልት ባትሪና ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል አለው። የአምፔሩ መጠን የሚገኘው ዋቱን ለቮልቱ በማካፈል ነው። ለምሳሌ፦

የፊት መብራት 35 ዋት፦ 2.9 አምፔር ገደማ
የኋላ መብራት 5 ዋት፦ 0.4 አምፔር ገደማ
ሁለት ተጨማሪ የኤል ኢ ዲ መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት፦ 1.7 አምፔር ገደማ
የስልክ ቻርጀር 12 ዋት፦ 1 አምፔር

ድምሩ 72 ዋት ወይም 6 አምፔር ነው። የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ሞተሩ በፈጠነ መጠን ይጨምራል፣ በቆመበት ሲዞር ይቀንሳል። በቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ በመኪና መጨናነቅ የቆመ ሞተር ይህን ሁሉ ካበራ ጉድለቱን የሚሞላው ባትሪው ነው። በነጋታው ጠዋት ሞተሩ በቁልፍ አልነሳ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ በጉዞ ፍጥነት ሲዞር 13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ሁሉም ዕቃ በርቶ ከ13 ቮልት በታች ከወረደ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። በአንዳንድ አነስተኛ ሞተሮች ደግሞ የፊት መብራት ኃይሉን ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከማመንጫው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። በእንደነዚህ ላይ ለባትሪ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ቢገጠም ይርገበገባል ወይም ይቃጠላል።

የጂ ፒ ኤስ መከታተያና አላርም ሞተሩ ቆሞም ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። 20 ሚሊ አምፔር የሚወስድ መከታተያ በ24 ሰዓት 0.48 አምፔር ሰዓት ይጠቀማል። 4 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ስሌት በ4 ቀን ገደማ ይጋመሳል፣ በ8 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር ስለዚህ አልፎ አልፎ መነሳት ወይም ባትሪው መሞላት አለበት።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

1. የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መጀመሪያ ይፈታል፤ ሲመለስም መጨረሻ ይታሰራል። ይህ ካልሆነ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ ሻንሲውን ሲነካ ብልጭታ ይፈጠራል። የነዳጅ ታንከሩም ቅርብ ነው።

2. ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይገባል። ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ለቻርጀርና ለሁለት አነስተኛ መብራቶች 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። የተቃጠለ ፊውዝን በብር ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

3. ብዙ አምፔር ለሚወስድ ክላክስ ወይም መብራት ሪሌ ይገጠማል። ማብሪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ እያሳለፈ ሪሌውን ያዛል፤ ትልቁ ኤሌክትሪክ በወፍራም ሽቦ በሪሌው በኩል ያልፋል።

4. ቻርጀርና ተጨማሪ መብራት ቁልፉ ሲጠፋ አብረው እንዲጠፉ ሆነው ይገናኛሉ።

5. ሽቦው ከማርሚታው፣ ከሰንሰለቱና ከመሪው አንጓ ራቅ ብሎ ይታሰራል። ከዚያ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሚወጠር ወይም የሚቆነጠጥ ሽቦ ካለ ቦታው ይቀየራል።

6. መገጣጠሚያው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ አይተውም። ፕላስተር በሙቀት ይላላል፣ በዝናብም ውሃ ያስገባል። በሙቀት የሚጨመት የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ውሃ የማያስገባ ማገናኛ ይመረጣል።

ፍሬቻ ወደ ኤል ኢ ዲ ሲቀየር በጣም ፈጥኖ መብረቅረቅ ይጀምራል። ነባሩ ማብለጭለጫ የሚሠራው አምፖሎቹ በሚወስዱት ኤሌክትሪክ መጠን ስለሆነ ኤል ኢ ዲውን እንደተቃጠለ አምፖል ይቆጥረዋል። መፍትሔው ለኤል ኢ ዲ የተሠራ ማብለጭለጫ መግጠም ነው።

የፊት መብራትን በኃይለኛ ኤል ኢ ዲ መተካት ሌላ ችግር አለው። የመብራቱ ቤት የተሠራው ለተራ አምፖል ከሆነ ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። አቅጣጫውን ለማስተካከል ሞተሩ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የዝቅተኛው ብርሃን የላይኛ ጠርዝ ከመብራቱ ከፍታ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ይህ የሚለካው አሽከርካሪው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የኋላው አሞርዛተር በክብደቱ ሲወርድ መብራቱ ወደ ላይ ስለሚያቀና።

የዕቃ መጫኛና ሳጥን

ዕቃ ለሚያደርሱ ሞተረኞች ዋናው ማሻሻያ የኋላ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ ሲቀመጥ ክብደቱ እንደ ሚዛን ማንሻ ሆኖ የፊት ጎማውን ያቀላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 130 ሴንቲ ሜትር ባለው ሞተር ላይ 20 ኪሎ ግራም ጭነት ከኋላ ጎማው መሐል 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ ከፊት ጎማው 4.6 ኪሎ ግራም ያህል ይነሳል። ይህ በደረቅ አስፋልት ላይ ብዙም አይሰማም። በእርጥብ አስፋልት ወይም በጭቃ ላይ ግን መሪው ይቀልላል፣ የፊት ፍሬንም ጎማውን ቶሎ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሳጥኑ በተቻለ መጠን ወደ መቀመጫው ይጠጋል፣ ከባዱ ዕቃም ከታች ይቀመጣል።

የመጫኛው ብረት የሚታሰረው ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ላይ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን (በ10 ቁልፍ የሚፈታው) ላይ 10 ኒውተን ሜትር ያህል ማጥበቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ንዝረት ዳዶን ስለሚያላላ ናይለን ያለበት ዳዶ ወይም ጥርስ ማጣበቂያ ይደረጋል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላም ሁሉም ቡሎን እንደገና ይታያል።

ብዙ መጫኛዎችና የመከላከያ ብረቶች በሰፈር የብየዳ ቤቶች ይሠራሉ። ዕቃውን ለብቻው በይዶ በቡሎን ማሰር ተገቢ ሲሆን በሻንሲው ላይ በቀጥታ መበየድ ግን አይመከርም። የብየዳው ሙቀት ከጎኑ ያለውን ብረት ያዳክማል፤ ስንጥቁም ከወራት በኋላ ከቀለሙ ሥር ሊጀምር ይችላል። የግድ ከሆነ ባትሪው ይነሳል፣ ታንከሩ ይወርዳል፣ የሻንሲ ቁጥር የተቀረጸበት ቦታም አይነካም።

መሪ፣ ጎማና የእጅ መከላከያ

መሪ በከፍተኛ ሲተካ የፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዶች ሊያጥሩ ይችላሉ። የነዳጅ ገመድ ካጠረ መሪው ሲዞር ሞተሩ ሳይነካ ይፈጥናል። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ቅርጹ ይበላሻል፣ ሰንሰለቱን ወይም ፓራፋንጎውንም ሊነካ ይችላል። ለብርድና ለዝናብ የሚገጠም የእጅ መከላከያ ጠቃሚ ቢሆንም የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች በውስጡ ሙሉ በሙሉ መንቀሳቀስ አለባቸው። የጨርቅ መከላከያ በዝናብ ከብዶ ፍሬኑን በመጠኑ ከተጫነ የፍሬኑ ሸራ ያለ ዕውቅና ይበላል።

ካርቡራቶርና ማርሚታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በግምት አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ካርቡራቶር ላለው ሞተር ይህ ማለት ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ይበዛል ማለት ነው፤ ካንዴላዋ ጥቁር ጥላሸት ትይዛለች፣ ጉልበት ይቀንሳል። መካኒኮች የነዳጅ ማሳለፊያዋን (ጄት) በአነስተኛ ቀዳዳ ይተካሉ። ነገር ግን ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነችው አዋሽ ሰባት ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ይግላል። በረጅም ጉዞ የሚሠራ ሞተር ስለዚህ ነባሯን ጄት ይዞ መሄድ አለበት። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጩ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

የማርሚታን ውስጠኛ ክፍል አውጥቶ ድምፅ ማሳደግ ጉልበት ይጨምራል የሚል እምነት አለ። በአነስተኛ ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ጩኸት ነው። የጭሱ መውጫ ሲከፈት የነዳጅና የአየር ምጣኔው ይዛባል፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ጉልበት ይቀንሳል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶችም በአዲስ አበባ መታየት ጀምረዋል። በእነዚህ ላይ ዋናው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 48፣ 60 ወይም 72 ቮልት ስለሆነ ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ በቀጥታ ቢገናኝ ይቃጠላል። በተከታታይ ከታሰሩት ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መውሰድም ስህተት ነው። ያ ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደክማል፣ መላውን ስብስብም ያበላሻል። ትክክለኛው ምንጭ ከሙሉው ስብስብ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መለወጫ ነው።

የራስ ቁር

በራስ ቁር (ሄልሜት) ላይ ካሜራ ወይም ድምፅ ማጉያ መግጠም፣ ቀለም መቀባትና ተለጣፊ ማብዛት የተለመደ ነው። ቅርፊቱን መብሳት አቅሙን ይቀንሳል። እንደ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ያሉ ፈሳሾችም የፕላስቲክ ቅርፊትንና የውስጡን ፎም ያዳክማሉ፤ ጉዳቱም በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የሞተረኞችን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል።

ሕግና ምዝገባ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመዘገብ፣ ሰሌዳ እንዲኖረውና እንዲመረመር ይደነግጋል። ሊብሬ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥርና ቀለምን ይይዛል። ስለዚህ ቀለም ከመቀየር ወይም ሞተሩን በሌላ ከመተካት በፊት መዝጋቢውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። አለበለዚያ በዓመታዊ ምርመራ (ቦሎ) ወይም በሽያጭ ጊዜ ችግር ይፈጠራል። ሰሌዳና የኋላ መብራት በሳጥን መሸፈን የለባቸውም። የሚሽከረከር ቀይና ሰማያዊ መብራትና ሳይረን የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎች ምልክት ስለሆኑ በግል ሞተር ላይ አይገጠሙም።

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ከዚህ በላይ ለራሱ ሞተር መድን የገባ ባለቤት የገጠመውን ዕቃ ለመድን ድርጅቱ ማሳወቁ በካሣ ጊዜ የሚነሳ ክርክርን ይቀንሳል።

ከገጠማ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

ከማንኛውም ገጠማ በኋላ ሞተሩ ከሰፈር ሳይርቅ ይሞከራል። ሁለቱም ፍሬኖች፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻዎችና ክላክስ ይሠራሉ ወይ? መሪው ዳር እስከ ዳር ይዞራል ወይ? አሞርዛተሩ ሲወርድ ጎማው አዲሱን ዕቃ ይነካል ወይ? ከ15 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ሽቦዎቹና የፊውዙ ቤት በእጅ ይዳሰሳሉ፤ የጋለ መገጣጠሚያ የላላ ወይም የቀጠነ ሽቦ ምልክት ነው። የወጡት ነባር ክፍሎች ቡሎናቸው ሳይጠፋ ቢቀመጡ ሞተሩን ለምርመራ ወይም ለሽያጭ ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ ይቻላል።